ከግድግዳው ወዲህ ያለው ቁልፍ

መተማ አቅራቢያ ባለችው ኮኪት ወፍጮ ያላቸው ሌሎችም ሰዎች አሉ፤ የሞተሩን ማስነሻ ቁልፍ አልጋው ራስጌ የተከለ ግን ዑበይዳ ብቻ ነበር።

እንዲህ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ሞተሩ ያለው ከቤቱ ጀርባ፣ ከመኝታ ክፍሉ ጋር በአንድ ግድግዳ በተያያዘች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ከጎንደር የመጣ ሰሊጥ አምራች ትራክተሩ ሲወላልቅበት ሞተሩን ለብቻው ሸጠለትና፣ ዑበይዳ ሲሚንቶ ላይ በብሎን አስሮ በረጅም ቀበቶ ከወፍጮው ጋር አገናኘው። በዚያው ዓመት እሱ ለሶላት ወጣ ባለበት አንድ የቸኮለ አስፈጪ ቁልፉን በገዛ እጁ አዙሮ ሞተሩን ያለ ውሃ አስነሣው። ዑበይዳ የቃጠሎው ሽታ መስጊድ ድረስ መጣብኝ ብሎ ይምል ነበር። ሮጦ ደርሶ ባያጠፋው ኖሮ ሞተሩ በዚያ ቀን አብቅቶለት ነበር። በማግስቱ ግድግዳውን ቦርቡሮ ሽቦውን ወደ ቤት አሾለከና፣ ቁልፉን የሚስቱ የረፊቃ ሻሽ ከሚንጠለጠልበት ሚስማር አጠገብ ተከለው። ከቁልፉ በላይ ከአሮጌ መኪና የነቀላትን ትንሽ ቀይ አምፖል ሰካ። ባትሪው ደህና ሲሆን አምፖሏ ፍም ትመስላለች፤ ባትሪው ሲደክም አብራ ትደክማለች።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ሞተሪኖው አመል አወጣ። ሞተሪኖ የሚሉት ትልቁን ሞተር ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰውን፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ትንሽ ሞተር ነው። ረፊቃ ቁልፉን ስታዞር ከግድግዳው ማዶ "ቀጭ" የሚል አንድ ደረቅ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ዝም። መኪና ቢሆን ገፍተው ያስነሡት ነበር፤ ሲሚንቶ ላይ የታሰረን ሞተር ማን ይገፋዋል? ዑበይዳ መላ አገኘለት። ቁልፉ እንደ ተዞረ የሞተሪኖውን ወገብ በመዶሻ እጀታ ኮርኮም ሲያደርገው፣ ያ የደነዘዘ ነገር ይነቃና መሽከርከር ይጀምራል። አንድ ሰው ግን በአንድ ጊዜ እዚህም እዚያም መሆን አይችልም። ስለዚህ ሥራው የሁለት ሰው ሆነ፤ እሱ ከመዶሻው ጋር ከማዶ፣ እሷ ከቁልፉ ጋር ከወዲህ።

ሞተሩ ሲነሣ በጩኸቱ መሀል ቃል ስለማይሰማ በቆርቆሮ ይነጋገሩ ነበር። ዑበይዳ ውሃውንና ዘይቱን አይቶ ሲጨርስ ቆርቆሮውን አንድ ጊዜ ይመታል፤ አዙሪ ማለቱ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ያኔ እጇን ከቁልፉ ታነሣለች። ሁለተኛው ምልክት ከመጀመሪያው ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ቁልፉ ተይዞ ከቆየ ትንሹ ሞተር ከትልቁ ጋር ከአቅሙ በላይ እየተፈተለ ይቃጠላል። ረፊቃ አንድም ቀን አዘግይታ አታውቅም።

እዚያች ግድግዳ ሥር ስትቆም ጆሮዋ ሳታስበው ተማረ። ባትሪው ሲደክም ድምፁ ብርድ እንደያዘው ሰው ጥርስ ነው፤ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ አምፖሏም አብራ ትርገበገባለች። የሽቦው ማሰሪያ ዝጎ ሲላላ ሞተሩ እያቃሰተ ሸክም እንደበዛበት አህያ አንድ ሁለት ጊዜ ዞሮ ይቆማል። የሞተሪኖው ጥርስ የትልቁን ሞተር ጎማ ሳይነክስ ሲቀር ደግሞ "ዥዥዥ" እያለ ባዶውን ይሽከረከራል፤ ፍጥነት እንጂ ጉልበት የለውም። ዑበይዳ ይህን ሁሉ ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። ከማዶ ሆኖ "ምን አለ?" ብሎ ይጠይቃታል፣ የሰማችውንና ያየችውን ትነግረዋለች፣ ከዚያ እሱ የሚነካካው ነገር ሲሰማት ነገሩ ይገባታል።

ልጅ አልወለዱም። ቤቱ ውስጥ ጠዋት የሚቀሰቅስ ልቅሶም ሳቅም ስላልነበረ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ የዚያ ግቢ የመጀመሪያው ድምፅ የቆርቆሮው ምት ነበር። ረፊቃ ሻሿን በግማሹ እንደጠመጠመች፣ ዓይኗ ገና ሳይገለጥ፣ ከቁልፉ ሥር ትቆማለች። ሰው ሚስት ያገባል፣ አንተ ግን ረዳት ነው የቀጠርከው ብላ ትነጫነጭበታለች። ረዳት እማ ደመወዝ ይጠይቃል ይላታል። ይህን ሞተሪኖ አሠራው ስትለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ነገ ሸሕዲ ከተማ ወጥቼ። ያ ነገ ክረምት ከበጋ ተፈራረቀበት። እሷም አንዳንዴ እንቅልፍ ሲያሸንፋት ከልቧ ትናደድ ነበር፤ አንዳንዴ ደግሞ ምቱ ትንሽ ሲዘገይባት ምነው ቀረ ብላ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች።

በሰኔ መጨረሻ ወባው ያዘው። መሬቱ በአንድ ሌሊት ጭቃ የሆነበት፣ ትንኙ ከጉድጓዱ ሁሉ የወጣበት ሰሞን ነበር። አትነሣ ብትለው የሰው እህል ተቀምጧል ብሎ ተነሣ። ረፊቃ ከቁልፉ ሥር ሆና ባልዲው ሲጋጭ፣ ውሃው በሞተሩ አፍ ሲንዶቀዶቅ፣ ቆሞ ሲያርፍ፣ እንደገና ሲንዶቀዶቅ ሰማች። ምቱ መጣ፤ ደካማ ነበር። አዞረች። ሞተሩ ተነሣ። ሁለቱን ምት ስትጠብቅ አንዱ ብቻ መጣ፣ ሁለተኛው እጁ ቆርቆሮው ላይ ተንሸራቶ የቀረ ይመስል ነበር። ቢሆንም ገባትና ለቀቀች። የዚያን ቀን እህሉን ፈጭቶ ጨርሶ ሞተሩን በእጁ አጥፍቶ ገባ። ከዚያ ወዲያ ከአልጋው አልተነሣም። ሸሕዲ ሐኪም ዘንድ ወሰዱት፤ የተመለሰው ተገንዞ ነው።

ረፊቃ ዒዳ ተቀመጠች። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ከቤቷ አትወጣም፣ አታጌጥም። የዑበይዳ ታላቅ እህት ዘሊካ ብቻዋን እንዳትሆን ብላ ቤቷን ለልጆቿ ትታ ከመተማ መጣች። ዘሊካ አፏ የማያርፍ ሴት ናት፤ ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ታወራለች፣ በልቅሶዋ መሀል ደግሞ ሰው ታስቃለች። ለቀስተኛው ሲቀንስ ለረፊቃ የከርከዴ ሻይ እያፈላች፣ ወንድሟ በልጅነቱ የአባታቸውን ሬዲዮ ፈታትቶ ሲገጥም ሦስት ብሎን ተርፎት እንደነበር፣ ሬዲዮው ግን ከቀድሞው የተሻለ መናገር እንደጀመረ ታወራላት ነበር። ረፊቃ ትሰማለች እንጂ አትመልስም። ፍራሿ ላይ ተጋድማ የምታየው ቁልፉን ነው።

ሞተሩ ዝም አለ። የመንደሩ ሰው ሞተሩም ሐዘን ተቀምጧል እያለ ማሽላውን በአህያ ጭኖ ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ይሄድ ጀመር። የዑበይዳ ታናሽ ወንድም ሳጂድ መተማ ላይ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ ባትሪ አስሞልቶ መጣና እህቱን ቁልፉን አዙሪልኝ አላት። ዘሊካ አዞረች። ቀጭ፤ ከዚያ ዝም። ሌላ ቀን የራሱን የጭነት መኪና ባትሪ ነቅሎ አመጣ። ቀጭ፤ ከዚያ ዝም።

ረፊቃ ሁለቱንም ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ይበቃ ነበር፤ ወገቡን በመዶሻ እጀታ በለው። አላለችም። ያንን ቆርቆሮ ሌላ እጅ ሲመታው መስማት አልፈለገችም። ሞተሩ ዝም ባለ ቁጥር ልቧ ውስጥ የሆነ ነገር ደህና ነው፣ ይቆይ ይላት ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ለዑበይዳ ዝም ብሎ የተቀመጠ አንድ ነገር ያ ብቻ መሰላት።

መስከረም ጠባ። ሰሊጡ ደረሰ፤ ሳሉግ የሚባሉት የቀን ሠራተኞች ከጎጃምም ከወሎም በመኪና እየተጫኑ ቆላውን ሞሉት። ለዚያ ሁሉ ሰው እንጀራ የሚጋግሩ ሴቶች ደጁ ድረስ እየመጡ ወፍጮው መቼ ነው የሚከፈተው ይሉ ነበር። ጥቅምት ሲጋመስ ሳጂድ መጣና ከመጋረጃው ውጭ ተቀመጠ። ልጅ ስለሌለ በሸሪዓው የሚበዛው ድርሻ የእሱና የእህቱ ነው፤ ቢሆንም ሳያማክራት ምንም ማድረግ አልፈለገም። ረጅም ጊዜ ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ካወራ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እታለም፣ ሞተሩ ነክሷል፤ ከእንግዲህ አይዞርም። ወንድሜ በዚያ ትኩሳት ያለ ውሃ ሳያስነሣው አልቀረም። አብርሃ ጅራ ከተማ ያለ አንድ ሰው ለመለዋወጫ ሊወስደው ተስማምቷል፤ ሐሙስ መኪና ይዞ ይመጣል።"

ረፊቃ ተነሥታ ተቀመጠች። ዘሊካ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

"ውሃ ሞልቶበታል" አለች ረፊቃ። "ሲሞላ ሰምቻለሁ።"

"ትኩሳት እኮ ሰው ያስረሳል። ማንም አይወቅሰውም።"

"ሰምቻለሁ እልሃለሁ።"

ሳጂድ እሺ እሺ አላት። የሚያባብላት ሰው እሺታ ነበር፤ ያ ደግሞ ከክርክር ይልቅ አቃጠላት። ሲሄድ ዘሊካን ጠየቀቻት፤ ይህን ነገር ሌላም ሰው ይለዋል ወይ? ዘሊካ መጀመሪያ ዞር አለች፣ ቀጥላ ደግሞ መዋሸት ስለማትችል፣ አዎ አለች፤ ወፍጮ ሄደው የሚመለሱ ሴቶች ዑበይዳ በመጨረሻ ሞተሩን አቃጥሎት ሞተ እያሉ ያወራሉ። እሱ፣ ያለ ውሃ እንዳይነሣ ብሎ ግድግዳ የቦረቦረው ሰው።

የዚያን ቀን ረፊቃ ምግብ አልቀመሰችም። ሲነጋ ዘሊካን ወደ ሳጂድ እንድትደውል ለመነቻት። ሐሙስ ከመድረሱ በፊት አለልኝን ከሸሕዲ ያምጣልኝ፤ እሱ ሞተሩን አይቶ ሞቷል ካለ እኔም አፌን እይዛለሁ።

አለልኝ ጎጃሜ ነው። በወጣትነቱ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ ትራክተር ሲጠግኑ እያየ መካኒክ ሆኖ ሸሕዲ ላይ የቀረ፣ ከዑበይዳ ጋር ዕቃ ፍለጋ ማዶ ለማዶ አብሮ የዞረ ሰው። ሳጂድ በመኪናው ይዞት ከች ያለው ረፋድ ላይ ነበር። አለልኝ ደጁ ላይ ቆሞ ነፍስ ይማር አለና፣ እንባው እንዳይታይበት ቶሎ ወደ ቆርቆሮው ክፍል ገባ። ባትሪውን አየ፣ ማሰሪያዎቹን በብረት ቡርሽ ፈገፈገ፣ ከዚያ ቁልፉ ይዙር ብሎ ጮኸ።

ዘሊካ ልትነሣ ስትል ረፊቃ ክንዷን ያዘቻት።

"ይተዉት እትዬ። እኔ አዞረዋለሁ።"

ከሰኔ ወዲህ ያንን ቁልፍ አልነካችውም ነበር። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። አዞረችው። ቀጭ። ዓይኗን ከአምፖሏ ላይ አላነሣችም። አምፖሏ ፍም እንደመሰለች ቀረች።

ከማዶ ሳጂድ ይኸው፣ አልኳችሁ እኮ ሲል ተሰማ። ረፊቃ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ዑበይዳ ከሞተ ወዲህ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

"አለልኝ፣ አምፖሏ አልደበዘዘችም።"

"የቷ አምፖል?" አለ አለልኝ።

ነገረችው። ዑበይዳ የሰካት፣ ከባትሪው የምትበላ፣ ወንዶቹ ካሉበት የማትታይ አምፖል። አለልኝ እስኪ ድገሚው አላት። ደገመች። ቀጭ አለ፤ ብርሃኗ ንቅንቅ አላለም። ሦስተኛ ጊዜ ቁልፉን ያዥልኝ አላት፤ ያዘች። አምፖሏ ያው ናት።

አለልኝ ለሳጂድ ሲያስረዳው በግድግዳው በኩል ይሰማ ነበር። ሞተሩ ነክሶ ቢሆን ሞተሪኖው ሊያዞረው ይታገላል። ሲታገል ባትሪውን ይግጠዋል፣ ያቺ አምፖል የምትጠፋ እስክትመስል ትጨልማለች። አሁን ግን ምንም የሚታገል የለም፤ ኤሌክትሪኩ ሞተሪኖው ደጃፍ ደርሶ አልገባም ብሎ ተመልሷል። የታመመው ቀስቃሹ እንጂ የተኛው አይደለም። ሳጂድ ይህን ሰምቶ እንዲህማ በወሬ አይሆንም አለ፤ በዓይኑ ማየት ፈለገ።

"ቀበቶውን ሳቡታ" አለች ረፊቃ። "የነከሰ ሞተር በቀበቶ አይዞርም። ሁለት ሆናችሁ ሳቡት።"

ሁለቱ ሰዎች የወፍጮውን ቀበቶ ይዘው ሲስቡ ትንፋሻቸው ተሰማ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ አንድ ከባድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሞተሩ በረጅሙ ተነፈሰ፤ እንደገና ሳቡ፤ እንደገና ተነፈሰ። ዘሊካ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ረፊቃ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆመች። ዑበይዳ አላቃጠለውም።

ሳጂድ ዞሮ መጥቶ ከመጋረጃው ውጭ ቆመ።

"አፉ በይኝ እታለም።"

"እኔን ሳይሆን እሱን" አለችው። ክፋት አልነበረበትም፤ እሱም አልተቀየማትም። ወደ አብርሃ ጅራ ደውሎ ለሰውዬው እንዳይመጣ ሲነግረው ሁሉም ሰሙት። የሞተው ወንድሜ ነው እንጂ ሞተሩ አልሞተም አለው።

አለልኝ ሞተሪኖውን ፈትቶ አውጥቶ ግቢው ውስጥ ጨርቅ ላይ በታተነው። ውስጡ ያሉት፣ ኤሌክትሪኩን የሚያሳልፉት፣ ካርቦን የሚባሉ ጥቁር ቁራጮች ተበልተው ተበልተው እንደ ጥፍር ቀጥነዋል፤ እየተመታ ካልሆነ በቀር እንዴት ሲሠራ እንደኖረ ገረመው። ከሱዳኑ ጦርነት ወዲህ ይህን ዓይነት ካርቦን ሸሕዲ ላይ ማግኘት ከባድ ነው፤ ጎንደር ድረስ ሰው መላክ ሊያስፈልግ ነው። ምናልባት ዑበይዳ አሮጌም ቢሆን አስቀምጦ እንደሆነ ብሎ የዕቃ ሳጥኑ የት እንዳለ ጠየቀ።

ሳጥኑ ከአልጋው ሥር ነው። ዘሊካ እያማረረች ጎትታ አወጣችው፤ ወንድሟ ብረት ሲሰበስብ ኖሮ ወገቧን ሊቀጥፍ ነው። መፍቻው፣ የተጠቀለለው ሽቦ፣ ግማሽ የዘይት ጣሳ። ከሁሉም ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ትንሽ ካርቶን ነበር። ላስቲኩ አርጅቶ ቢጫ ሆኗል፤ ሲነኩት ይፈረፈራል። ዘሊካ በመስኮት አቀበለችው።

አለልኝ ከፈተው። ውስጡ ያልተነኩ አራት ካርቦኖች፣ የመዳብ ጅራታቸው ገና እንደሚያብረቀርቅ ተደርድረዋል። አንዱን አንሥቶ አየና፣ "ይህንን እኮ አብረን ነው የገዛነው" አለ። "ከጦርነቱ በፊት፣ ድንበሩን ተሻግረን ገላባት። በኋላ ገጠምከው ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። ገጥሜዋለሁ፣ እንደ አዲስ ሆኗል አለኝ።"

ዘሊካ ለመግጠም ስንት ጊዜ ይፈጃል ብላ ጠየቀች። አለልኝ ለእሱማ ከዙህር ሶላት እስከ ዐስር ሶላት ያለው ጊዜ አይሞላም አላት። ዘሊካ ስለ ወንድሟ ስንፍና አንድ ነገር ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ዞር ስትል የረፊቃን ፊት አየችና ተወችው።

ረፊቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ስለ ሸሕዲ፣ ስለ ነገ፣ ስለዚያ ሁሉ ነገ ታስብ ነበር። ሳጥኑ የነበረው እሷ ከምትተኛበት ሥር ነው። በየማለዳው ስትነጫነጭ ያ ካርቶን ከእግሯ በታች ነበር፤ እሱ ያውቃል። ቢሆንም ወጥቶ ቆርቆሮውን ይመታል፣ ከወዲህ ያለውን እጇን ይጠብቃል።

አለልኝ ካርቦኖቹን ይዞ መግጠም ሊጀምር ሲል በመስኮቱ በኩል ጠራችው።

"ባይገጠምስ?"

አልገባውም። እስኪ ድገሚው እንደሚል ሰው ቀና አለ።

"እንደ ድሮው እየተመታ ቢሠራስ ማለቴ ነው። ሲመታ ይነሣል እኮ።"

አለልኝ ሳቅ ያለ መሰለ፤ ከዚያ ፊቷን አይቶ ሳቁን ዋጠው። በእጁ ያለውን ጥቁር ቁራጭ እያገላበጠ ቆየ።

"ይነሣል እህቴ" አላት በቀስታ። "ማን ይመታዋል?"

ሳጂድ መተማ ሱቅ አለው። ዘሊካ ዒዳው ሲያልቅ ወደ ልጆቿ ትመለሳለች። ረፊቃ ወደ ግድግዳው አየች፣ ወደ ቁልፉ፣ ወደ አምፖሏ። አስፈጪዎቹ ሴቶች ደጁ ላይ ሲያወሩ ይሰማል። ለብቻዋ ከቁልፉ ሥር ቆማ የማይመጣ ምት ስትጠብቅ ራሷን አየች።

"ግጠመው" አለች።

ገጠመው። ባትሪው ላይ አስነክቶ ሲሞክረው ሞተሪኖው ጨርቁ ላይ እያለ እንደ ንብ ጮኸ። መልሶ በብሎን አሰረው። ትልቁን ሞተር ግን ያን ቀን ሊያስነሡት አልቻሉም፤ ታንኩ ከነጭራሹ ደርቋል፣ ናፍጣ ደግሞ በዚያ ሰሞን የትም አይገኝም ነበር። አለልኝ ይነሣል፣ ዋስ ነኝ አለ። ሊሄድ ሲል ደግሞ አንድ ነገር አሰበ። ከእንግዲህ ብቻዋን ስለምትሠራ ቁልፉን ወደ ማዶ ልመልስልሽ ወይ አላት፤ አንድ ሽቦ ማሳጠር ነው። እዚያው ይቀመጥ አለችው።

ሳጂድ ናፍጣውን በጀሪካን ይዞ የመጣው ዒዳው ካበቃ በኋላ ነው። ረፊቃ ታጥባ ልብስ ቀይራ፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጁን ወጥታ ማለዳው ላይ ቆመች። ዘሊካ ዕቃዋን ጠቅልላ ለመሄድ ተሰናድታለች፤ ቢሆንም ዛሬን ብቻ ማዶ ሄጄ ልቁምልሽ ወይ አለቻት። ረፊቃ አይቸገሩ እትዬ አለቻት።

ወደ ቆርቆሮው ክፍል ብቻዋን ገባች። ናፍጣውን ቀዳች። ባልዲውን ሞልታ ውሃውን በሞተሩ አፍ አንዶቀዶቀችው፤ ቆማ አረፈች፤ እንደገና ሞላች። ዘይቱን በጨርቅ ጠርጋ አየች። መዶሻው እጀታው ወደ ታች ሆኖ እንደተሰቀለ ነው። ከአጠገቡ ቆርቆሮው ላይ፣ በሰው ደረት ቁመት፣ ስንት ዓመት የተመታች ቦታ እንደ መዳፍ ጎድጉዳ ቀለሟ ለቆ ታበራለች። በእጇ ነካቻት። ከዚያ ዞራ ወደ ቤት ገባች።

ከቁልፉ ሥር ቆመች። አምፖሏ ፍም መስላለች። እጇ ቁልፉ ላይ ሆኖ ጠበቀች፤ የምትጠብቀው ነገር እንደሌለ እያወቀች ጠበቀች። ዘሊካ ከደጅ ምነው ቆየሽ አለቻት። አዞረች።

ቀጭ የሚለው ድምፅ አልነበረም። ሞተሩ በአንድ ንክኪ ተነሣ፤ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፤ ሻሿ የተሰቀለበት ሚስማር ተርገበገበ። ደጅ ያሉት ሴቶች እልል አሉ። ረፊቃ ግን ቁልፉን እንደያዘች ነበር። ሁለቱ ምት አልመጡም። እጇ ያለ እነሱ መላቀቅ አያውቅም። ከማዶ ሞተሪኖው ከትልቁ ጋር እየተፈተለ ቀጭን ጩኸት ጀመረ፤ ጩኸቱ እየሰላ፣ እየሰላ ሄደ። አንድም ቀን አስቃጥላ የማታውቅ ሴት፣ ሊቃጠል ትንሽ ሲቀረው እየሰማች፣ ቁልፉን መልቀቅ አልቻለችም።

ከዚያ ሌላኛውን እጇን አነሣችና በጣቷ አጥንት ግድግዳውን ሁለት ጊዜ መታችው።

ቁልፉን ለቀቀች። ጩኸቱ ቆመ፤ የትልቁ ሞተር ድምፅ ብቻ ቀረ፣ ደልደል ብሎ። ግድግዳው ሥር ትንሽ ቆየች። ከዚያ ሻሿን ከሚስማሩ አውርዳ ጠምጥማ፣ ማሽላ ልትቀበል ወጣች።